«የወገብ ኪኒን ስጡኝ» ለሚል ሁሉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በደሴና በኮምቦልቻ መድኃኒት ቤቶች የምንሠራ ፋርማሲስቶች ነን። «የወገብ ኪኒን ስጡኝ»፣ «ለቁርጥማት የሚሆን አለ?»፣ «ያችን ሮዟን» የሚል ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ከመስኮታችን አይጠፋም። የሚፈለገው አብዛኛውን ጊዜ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ነው። ሁለቱም ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው። ለጥርስ ሕመም፣ ለወለምታ፣ ለወር አበባ ቁርጠት ከፓራሲታሞል የተሻለ የሚሠሩበት ጊዜ ብዙ ነው። ያስጨነቀን፣ ሰዉ ከፓራሲታሞል ጋር አንድ አድርጎ ማየቱ ነው። ገጻችሁን የምንሻው ስለዚህ ነው።

ሰውነት ሲጎዳ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ያመርታል። እብጠቱም፣ ትኩሳቱም፣ ሕመሙም የሚበረታው በእሱ ነው። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፣ ናፕሮክሰን፣ ኢንዶሜታሲንና አስፕሪን ይህን ምርት ይገታሉ፤ ፀረ ብግነት የሚባሉትም ለዚሁ ነው። ነገር ግን ያው ፕሮስታግላንዲን ሌላ ሥራም አለው። ጨጓራ በገዛ አሲዱ እንዳይቆስል የሚሸፍነውን ልጋግ ያስመርታል፤ ሰውነት ውሃ ሲያጥረው ደግሞ ወደ ኩላሊት ደም የሚያስገባው ሥር እንዳይጠብ ይጠብቃል። የተዋጠው ኪኒን የታመመውን ጉልበት ከጨጓራና ከኩላሊት ለይቶ አያውቅም። በደም ዞሮ ሁሉም ጋ ይደርሳል።

ከዚህ ተነስተን አንድ የተለመደ አባባል እናርም። «ጨጓራ ስላለብኝ በመርፌ ይሁንልኝ» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ጉዳቱ ኪኒኑ ጨጓራ ላይ በማረፉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበሩ። በመርፌ የገባ ዳይክሎፌናክም ግን በደም በኩል ያንኑ ልጋግ ያሳሳል። አንጀት ደርሶ እንዲሟሟ ተሸፍኖ የተሠራው ኪኒንም እንዲሁ ነው። ምግብ በልቶ መዋጥ ማቃጠሉን ይቀንሳል፣ እኛም እንመክራለን፤ ቁስለትን ግን ጨርሶ አይከለክልም። በአገራችን ኤች ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ በጣም የተስፋፋ ስለሆነ ብዙ ሰው ኪኒኑን የሚጀምረው አስቀድሞ በተጎዳ ጨጓራ ላይ ነው።

ስለ መጠኑ፦ አዋቂ ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቡፕሮፌን ከወሰደ በአንድ ጊዜ ከ200 እስከ 400 ሚሊ ግራም፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ደግሞ ከ1200 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ። ባለ 400 ከሆነ በቀን ሦስት ፍሬ ማለት ነው፤ ለምሳሌ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት። ባነሰው መጠን ጀምሩ፤ 200 ካሻላችሁ 400 አትዋጡ። ለሕመም ከ10 ቀን፣ ለትኩሳት ከ3 ቀን በላይ የሚያስቀጥል ነገር ካለ መታየት ያለበት በሽታ አለ ማለት ነው። ዳይክሎፌናክ ባለ 50 ሚሊ ግራሙ ሐኪም ሲያዘው እንኳ በቀን ከሦስት ፍሬ አያልፍም። ሁለቱን አቀላቅሎ መውሰድ ሕመሙን እጥፍ አያስታግስም፤ እጥፍ የሚሆነው ጉዳቱ ነው። ካልተሻላችሁ ሊጨመር የሚችለው ፓራሲታሞል ነው፣ ምክንያቱም ቤተሰቡ ሌላ ነው። እሱም የራሱ ልክ አለው፦ ባለ 500ው በአንድ ጊዜ ከሁለት ፍሬ፣ በቀን ከስምንት ፍሬ አይበልጥም፤ ካለፈ ጉበት ይጎዳል።

አቀላቅሎ መውሰድ ስንል አውቆ የሚያደርገው ሰው ጥቂት ነው። የሚያሳስተው ስሙ ነው። በወሎ ከጅዳ፣ ከሪያድ ወይም ከዱባይ የሚመጣ ሻንጣ ውስጥ ካታፍላም፣ ብሩፌንና ቮልታረን አይጠፉም። ከአሜሪካ የሚላከው ደግሞ አድቪልና አሌቭ ነው። ብሩፌንም አድቪልም አይቡፕሮፌን ናቸው። ካታፍላምም ቮልታረንም ዳይክሎፌናክ ናቸው። አሌቭ ናፕሮክሰን ነው። አንዲት እናት ልጃቸው የላከችላቸውን ካታፍላም ጠዋት ይውጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ ከጤና ጣቢያ የታዘዘላቸውን ዳይክሎፌናክ ይደግማሉ። ሁለት የተለያየ መድኃኒት የወሰዱ ይመስላቸዋል። የወሰዱት ግን አንዱን መድኃኒት ሁለት ጊዜ ነው። በማሸጊያው ላይ በትልቁ የተጻፈው ፋብሪካው ያወጣለት መጠሪያ ነው፤ መድኃኒቱ ምን እንደሆነ የሚናገረው ከሥሩ በትንንሽ ፊደል ያለው ነው። ፊደሉ ለዓይን ካነሰ ወይም በዐረብኛ ከሆነ ይዛችሁ ኑ፤ እናነብላችኋለን፣ ለዚህ ገንዘብ አይጠየቅም።

ከሱቅ የሚገዛው ደግሞ ጭራሽ ስም የለውም። ባለ ሱቁ አሥር ፍሬ የያዘውን ስትሪፕ በመቀስ ይቆርጥና ሁለት ፍሬ ይሰጣል። ገዢው ጀርባውን ቢገለብጠው ብርማው ወረቀት ላይ የሚያገኘው «…ፌናክ ሶ…» የምትል የተቆረጠች ቃል ነው። ምን ያህል ሚሊ ግራም እንደሆነ የተጻፈበት ክፍል ቀድሞ ለሌላ ሰው ተሸጧል። የማብቂያ ቀኑ ጫፉ ላይ ነበር፤ ጫፉ ሱቁ ውስጥ ቀርቷል። ፀሐይ ከሚመታው መደርደሪያ ላይ ስንት ወር እንደቆየም የሚያውቅ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ፍርሃታችን እንግባ። ከደም ግፊት ታካሚዎች ብዙዎቹ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ አንዳንዶቹም ላዚክስ ይወስዳሉ፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ሽንት የሚያበዙ ናቸው። በዚህ ላይ ዳይክሎፌናክ ሲጨመር ምን እንደሚሆን በቅርብ እንመልከተው። ኩላሊት ደምን የሚያጣራው በግፊት ነው። ዳይክሎፌናኩ ደም የሚገባበትን ሥር ያጠበዋል። ኢናላፕሪሉ ደም የሚወጣበትን ሥር ያሰፋዋል። የሽንት መድኃኒቱ ደግሞ በሰውነት ያለውን ውሃ ይቀንሳል። መግቢያው ጠቦ፣ መውጫው ሰፍቶ፣ ውሃውም አንሶ ኩላሊት የሚያጣራበትን ግፊት ያጣል። በቀናት ውስጥ ሽንት ሊያንስ፣ እግር ሊያብጥ ይችላል። ከዚህም ሌላ እነዚህ ማስታገሻዎች ጨውና ውሃ በሰውነት ውስጥ ስለሚይዙ የግፊት መድኃኒቱን ሥራ ያደክማሉ። «መድኃኒቴን ሳላቋርጥ እየወሰድኩ ግፊቴ አልወርድ አለ» ለሚል ሰው መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ለወገብህ፣ ለጉልበትህ የምትውጠው ነገር አለ?» የሚል ሊሆን ይገባል። ግፊት፣ ስኳር ወይም ኩላሊት ያለበት ሰው ለሕመሙ በፓራሲታሞል ይጀምር።

ጾም ሲገባ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ከሁለቱም ወገን የሚጾም ብዙ ነው። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው ጠዋት በባዶ ሆዱ፣ ለመዋጫ ያህል በአንድ ጉንጭ ውሃ ኪኒን ይወስዳል። ያ ኪኒን ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ እዚያው ሊያቆስል ይችላል። ሊዋጥ የሚገባው ከምግብ በኋላ ነው፤ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ፣ ተቀምጦ ወይም ቆሞ፤ ወዲያው ጋደም ማለት የለም። በረመዳን ደግሞ ኮምቦልቻ ላይ በሙቀት ሲሠራ የዋለ ሰው ሲያፈጥር ውሃው በጣም ጎድሎ ነው። በቴምርና በውሃ ካፈጠረ በኋላ በደንብ ይብላ፤ ኪኒኑን ከዚያ በኋላ ይውሰድ። ሁለተኛውን ከሱሑር ምግብ ጋር መውሰድ ይችላል። በሁለቱ መካከል ባለው ሌሊት ውሃ ደጋግሞ ይጠጣ። ይህ የምንለው ለጤነኛ ሰው ነው። ግፊትና ኩላሊት ያለበት ሰው ጾምንና ዳይክሎፌናክን ባንድነት አይሞክር፤ ሐኪሙን ያማክር፣ በሽተኛ እንዳይጾም ሃይማኖቱም ፈቅዶለታል። ጫትም ለዚህ ጉዳይ ጠላት ነው። የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ግፊት ያወጣል፤ ከምርቃና በኋላ ለሚመጣው ራስ ምታት በባዶ ሆድ ዳይክሎፌናክ መዋጥ ጨጓራን ሆን ብሎ ማቁሰል ነው። አረቄም እንዲሁ።

ስለ ትኩሳት አንድ የተለየ ነገር አለን። ከጅቡቲ መንገድ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጡ ሾፌሮችና ረዳቶች ኮምቦልቻ ሲደርሱ «አጥንቴን ሰብሮኛል፣ ከዓይኔ ጀርባ ያመኛል፣ ያተኩሰኛል» ብለው ዳይክሎፌናክ ይጠይቃሉ። ይህ የደንጌ ትኩሳት ምልክት ሊሆን ይችላል። ደንጌ የደም አርጊ ሕዋሳትን ያሳንሳል፤ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ደግሞ የቀሩት እንዳይሠሩ ያደርጋሉ። ሁለቱ ሲገጥሙ ደም መፍሰስ ሊከተል ይችላል። ደንጌ አለመሆኑ እስኪታወቅ ፓራሲታሞልና ብዙ ፈሳሽ ብቻ ይወሰድ። ወባም ቢሆን ትኩሳቱን ማብረድ በሽታውን መደበቅ ነው፤ በዚያው ቀን የደም ምርመራ ይደረግ።

እርጉዝ ሴት ከአምስተኛው ወር ጀምሮ እነዚህን ማስታገሻዎች ያለ ሐኪም አትውሰድ። የጽንሱን ኩላሊት ይነካሉ፣ የእንሽርት ውሃም ያንሳል፤ ከሰባተኛው ወር በኋላ ደግሞ በጽንሱ ልብ አጠገብ ያለውን፣ እስከ ልደት ክፍት መቆየት ያለበትን ሥር ያለ ጊዜው ሊዘጉ ይችላሉ። አስም ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች ከአንድ ፍሬ በኋላ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። በልብ ሕመም ምክንያት ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጨርሶ አይንካቸው። ለልብ ብሎ በየቀኑ ትንሿን አስፕሪን የሚወስድ ሰው አይቡፕሮፌን ካስፈለገው አስፕሪኑን ከዋጠ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቆይቶ ይውሰድ፤ አለዚያ አይቡፕሮፌኑ ቦታውን ቀድሞ ይይዝና አስፕሪኑ ልቡን ሳይጠብቅለት ይውላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ባጠናከረው ማስጠንቀቂያ ከአስፕሪን በስተቀር እነዚህ መድኃኒቶች ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስትሮክ የማምጣት አደጋቸው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊጀምር እንደሚችል፣ መጠኑ ሲጨምርም እንደሚጨምር አስታውቋል። ልቡ የታመመ ሰው «ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው» ብሎ አይዘናጋ።

ለሕፃናት የሚሰጠው አይቡፕሮፌን ሽሮፕ በብዛት በ5 ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም የያዘ ነው። የሚሰላው በኪሎ እንጂ በዕድሜ ግምት አይደለም፦ ለአንድ ኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ ከ2.5 እስከ 5 ሚሊ ሊትር፣ በቀን ቢበዛ ሦስት ጊዜ። በቤት የሻይ ማንኪያ አትለኩ፤ አንዱ ማንኪያ 3 ይይዛል፣ ሌላው 7። ከጠርሙሱ ጋር የሚመጣውን መስፈሪያ ወይም መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ተጠቀሙ። ከስድስት ወር በታች ለሆነ፣ እንዲሁም ለሚያስመልሰውና ተቅማጥ ላለበት ልጅ ያለ ሐኪም አትስጡ፤ ኩላሊቱ በውሃ ጥም ላይ ነው። አስፕሪን ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም።

የጉልበት ቁርጥማት ላለባቸው አረጋውያን ብዙ ጊዜ የሚረሳው የዳይክሎፌናክ ቅባት ነው። በደም ውስጥ የሚገባው በኪኒን ከሚገባው በጣም ያነሰ ስለሆነ ለጨጓራም ለኩላሊትም ይቀላል። 1 በመቶ የሆነውን ለአንድ ጉልበት 4 ግራም ያህል በቀን አራት ጊዜ በስሱ አሽቶ ማዳረስ ነው። ቁስል ላይ አይቀባም፤ ተቀብቶ በጨርቅ አይጠመጠምም፤ የጋለ ነገርም አይደረግበትም። እጅ ይታጠቡ፤ የሚታከመው እጅ ከሆነ ግን ቅባቱ እንዲገባ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆዩ። ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ በሁለተኛው ቀን «አልሠራም» ብለው አይጣሉት።

ኪኒን የሚወስድ ሰው ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚጣበቅ ከሆነ፣ ወይም ያስመለሰው ከሲኒ ሥር እንደሚቀር የቡና አተላ ከመሰለ ጨጓራው እየደማ ነው። ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ ወተት እየጠጣ እስኪነጋ አይጠብቅ። የደም ማነስ ኪኒን፣ ማለትም አይረን የምትወስድ እርጉዝ ሰገራዋ መጥቆሩ የተለመደ ነው፤ በኪኒኑ ይሁን በመድማት እንዲለይላት ግን ትታይ። አንዳንዱ ሰው ጨጓራው ምንም ሳያቃጥለው እንደሚደማም እወቁ።

ባለ ሱቆችን የምንለምነው ስትሪፕ መቁረጡን እንዲተዉ ነው። የሥራ ባልደረቦቻችንን ደግሞ ፍሬ ቆጥረን ስንሰጥ በወረቀት ከረጢቱ ላይ የመድኃኒቱን ስም፣ ሚሊ ግራሙን፣ የማብቂያ ቀኑንና በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ በአማርኛ እንጻፍ። እናንተም ለወገባችሁ ልትገዙ ስትመጡ የምትወስዱትን የግፊት፣ የስኳርና የልብ መድኃኒት ባዶ ማሸጊያ በኪሳችሁ ይዛችሁ ኑ። ሳንጠይቃችሁ አውጥታችሁ መስኮቱ ላይ አስቀምጡልን።

ከአክብሮት ጋር
የደሴና የኮምቦልቻ ፋርማሲስቶች