ወተቱ ረጋ ማለት ባክቴሪያው ሥራውን ጨረሰ ማለት አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ባለፈው እትማችሁ ስለ እርጎ የወጣው ጽሑፍ እዚህ ሐዋሳ ወተት እያሰባሰቡ እርጎ ለሚሸጡ ወገኖች እጅግ ጠቃሚ ነው። ሆኖም ወተቱ ሲረጋ የባክቴሪያዎቹ ሥራ እንደሚያበቃ የሚገልጸው ክፍል ሊታረም ይገባል፤ ስሕተቱ እርሾ አያያዝ ላይ ጉዳት ያስከትላልና።

ወተት የሚረጋው የአሲድነቱ መለኪያ የሆነው ፒኤች (ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ወርዶ ወደ 4.6 ሲጠጋ ኬሲን የተባለው ፕሮቲን እርስ በርሱ ስለሚያያዝ ነው። ይህ የወተቱ ጠባይ እንጂ የባክቴሪያው የዕረፍት ምልክት አይደለም።

ላክቶኮከስ ላክቲስን የመሰለ ባክቴሪያ ትኩስ ወተት ውስጥ ሲገባ ወዲያው አይባዛም፤ አስቀድሞ ለአዲሱ ምግብ የሚያስፈልጉትን ፕሮቲኖች ያመርታል። መባዛት ሲጀምር አቅሙን በብዛት የሚያውለው ፕሮቲን በሚሠሩት ራይቦዞሞች እና ስኳርን ወደ ላክቲክ አሲድ በሚቀይሩት ኢንዛይሞች ላይ ሲሆን፣ ወተት ውስጥ ያለው ነጻ አሚኖ አሲድ ስለማይበቃውም ኬሲንን የሚቆራርጥ ኢንዛይም በሕዋሱ ግድግዳ ላይ ያወጣል። ራሱ ያመረተው አሲድ እየበረታ ሲያስጨንቀው ግን የራይቦዞም ምርቱን ይቀንስና አቅሙን ወደ መከላከል ያዞራል፦ ወደ ውስጥ የዘለቀውን አሲድ ኃይል እየከፈለ የሚያስወጣ ፓምፕ፣ እንዲሁም ቅርጻቸው የተበላሸ ፕሮቲኖችን የሚያቃኑ እንደ ግሮኢኤል ያሉ ረዳት ፕሮቲኖች ይበዛሉ። ዕድገቱ ቆመ በምንልበት ሰዓት እንኳ ሕዋሱ ውስጥ ያለው ሥራ ተለወጠ እንጂ አልተቋረጠም።

ለነጋዴው ይህ ምን ይጠቅማል? ፍሪጅ ውስጥ ከርሞ የጎመዘዘ እርጎ ለእርሾነት ሲውል፣ ባክቴሪያው ከመከላከል ወደ መባዛት እስኪመለስ ጊዜ ይወስዳል። በዚያ መሐል ወተቱ ገና አሲድ ያልያዘ ስለሆነ፣ በተለይ በሐዋሳ የቀትር ሙቀት፣ ለበሽታ አምጪ ተሕዋስያን የተመቸ ነው። ገና እንደረጋ የተቀዳ እርሾ ቶሎ ይነሣል። በአንጻሩ እርሾውን አድርቆ ለማቆየት ለሚፈልግ ሰው፣ ዕድገቱን ጨርሶ ወደ መከላከል የገባው ባክቴሪያ ማቀዝቀዝንና ማድረቅን የተሻለ ስለሚቋቋም፣ የሚሻለው እንዲህ ያለው ባክቴሪያ ነው።

በዚህ ምክንያት እርጎ ለምርመራ ሲላክ የባክቴሪያውን ቁጥር ብቻ መጠየቅ አይበቃም፤ ናሙናው ወተቱ ከተጠነሰሰ በስንተኛው ሰዓት እንደተወሰደና ፒኤቹ ስንት እንደነበረ አብሮ ቢጻፍ ውጤቱን ለሚያነበው ባለሙያ ትልቅ እገዛ ነው። ዝግጅት ክፍላችሁ በቀጣዩ ጽሑፍ ይህን ለአንባብያን ቢያሳውቅልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የምግብ ሳይንስ መምህር፣ ሐዋሳ