ስልክህን ያላነሣሁበት ምክንያት

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ ለታደሰ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን ማጥፋቴን እንደ ቂም ቆጥረኸው ከሆነ አልፈርድብህም፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ አውቶቡሱን ፍሬን እምቢ ባለው ሰዓት በስልክ የማወራው ከአንተ ጋር ነበር። ከዚያ ወዲህ ስምህ ስልኬ ላይ ሲመጣ የተቃጠለው የፍሬን ሸራ ሽታ ይሸተኛል፤ ስለዚህ አላነሣሁም።

ይህ ከከባድ አደጋ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሰቀቀን (በእንግሊዝኛ PTSD የሚሉት ሕመም) የወታደር ብቻ ይመስለኝ ነበር። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞችም እ.ኤ.አ. በ1980 በይፋ ሲመዘግቡት በዋናነት የገፋፋቸው ከቬትናም የተመለሱት ወታደሮች ሁኔታ ነው፤ ሆኖም ከሞት ጋር ፊት ለፊት የተገናኘን ማንንም ሰው ሊይዝ ይችላል። እኔን አደጋው በቅዠት ይመላለስብኝ ነበር፤ በር ሲንኳኳ እበረግጋለሁ፤ አጠገቤ የተቀመጡት አልፈው እኔ መትረፌን እንደ በደል ቆጥሬ ከሰው ራቅሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲህ መሆን የተለመደ ነው፤ ከወር በላይ ዘልቆ ሥራንና ቤትን ሲያውክ ግን ሰቀቀኑ ሥር ሰድዷል ማለት ነው።

ከሁሉም የጎዳኝ ሽሽቱ ነው። ታክሲ ውስጥ ደረቴን ሲያፍነኝ «ወራጅ አለ» ብዬ እወርዳለሁ፤ መሬት ስረግጥ ቀለል ይለኛል፤ ሰውነቴም የዳንኩት በመውረዴ እንደሆነ አምኖ በማግሥቱ ይብስበታል። ይህንን ከተረዳሁ በኋላ በቆመ የወንድሜ መኪና ውስጥ መቀመጥ ጀመርኩ፤ ቀጥሎ አንድ ፌርማታ፣ ከዚያ ሁለት፤ ፍርሃቱ ጫፍ ላይ ሳለ ላለመውረድ ወስኜ እስኪበርድ ድረስ መቆየትን ለመድሁ። ወራት ፈጅቶብኛል።

አንድ ቅዳሜ ጎረቤታችን የምትቆላው ቡና አርሮ ጭሱ ቤታችን ሲገባ ላብ አጠመቀኝና እንደገና ገደሉ አፋፍ ላይ ያለሁ መሰለኝ። ቀዝቃዛ ውኃ የሞላበት ጣሳ በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ትንፋሼን ካስገባሁት በላይ አርዝሜ እያስወጣሁ፣ «ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ያለሁት ቤቴ ነው፤ ይህ የቡና ጭስ ነው» እያልኩ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ልቤ ወዲያው አልተረጋጋም፤ ነገር ግን የትናንቱንና የዛሬውን መለየት ቻልኩ።

እንቅልፍ ይሰጠኛል ብዬ የለመድሁት አረቄ ግን ሌሊቱን አባብሶብኛልና አደራህን አትሞክረው። እናቴ ጠበል ወስዳኝ መጽናናት አግኝቻለሁ፤ ከሕክምናው ጋርም አልተጋጨብኝም። የአደጋውን ቀን ከመነሻው እስከ መጨረሻው መተረክን ብቻዬን አልደፈርኩም፤ ያደረግሁት በሥነ ልቦና ባለሙያ ፊት ነው፣ ማንም በግድ ብቻውን ሊጋፈጠው ይገባል ብዬም አላምንም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩልህ አንተ ሌሊት እንደማትተኛና የማንንም ስልክ እንደማታነሣ እህትህ ስለነገረችኝ ነው። የእኛን ጩኸትና የብረቱን ድምፅ በጆሮህ ሰምተሃል፤ መስመሩ ሲቋረጥም ሞቻለሁ ብለህ ሁለት ቀን ፈልገኸኛል። አንተም በዚያ አደጋ ውስጥ ነበርክ፤ እኔ ግን እስካሁን እንዴት ነህ ብዬ አልጠየቅሁህም፤ ይቅር በለኝ። መኖር የሚያስጠላህ ቀን ካለ ሳትውል ሳታድር ለእህትህ ንገራት፤ ሐኪም ዘንድም አብሬህ እሄዳለሁ።

እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እደውልልሃለሁ። ማንሣት ከከበደህ ይጥራ፤ በሚቀጥለው እሑድ በዚያው ሰዓት እንደገና እደውላለሁ።

ወንድምህ