ዕድሜ ልክ የሚከፈል ደሞዝ መግዛት እንፈልጋለን፦ ለብሔራዊ ባንክ ገዥ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ገዥ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ለገሃር አካባቢ ነው፤ ከመሥሪያ ቤትዎ ብዙም አልርቅም።

በ60 ዓመቴ ጡረታ ወጣሁ። ጡረታ ልበለው እንጂ የወር አበል የለኝም። በ2003 ዓ.ም. አዋጅ 715 ወጥቶ የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ ሲጀምር፣ ፕሮቪደንት ፈንድ (ከደሞዝ እየተቆረጠ ተጠራቅሞ ሥራ ሲለቁ ባንዴ የሚከፈል ቁጠባ) የነበረን በዚያው መቀጠል እንችል ነበር። እኔም ቀጠልኩ። ያኔ ገንዘቡ ባንዴ እጄ መግባቱ ትልቅ ነገር መስሎኝ ነበር።

ገባም። 1,200,000 ብር። ባለቤቴ የባንክ ደብተሩን ሁለት ጊዜ ገልጣ አየችው። ከዚያ ቁጭ አለችና "ይሄ ለስንት ዓመት ነው?" አለችኝ። በልጃችን ደብተር ጀርባ ላይ አሰላነው። በወር 10 ሺህ ብናወጣ 10 ዓመት። 70 ስሞላ ባዶ። እናቴ ግን 88 ዓመት ኖራለች። ወለድስ ይሉኝ ይሆናል፤ ወለዱን ገበያው ይቀድመዋል።

ጎረቤታችን የመንግሥት ጡረተኛ ናቸው። አበላቸው ትንሽ ናት፤ ግን በየወሩ ትመጣለች። እሳቸው ቢያልፉ እንኳ ለባለቤታቸው ግማሹ ይቀጥላል። በብር እኔ እበልጣቸዋለሁ። ሌሊት የሚተኙት ግን እሳቸው ናቸው።

በሌላው ዓለም አኑይቲ የሚሉት ነገር አለ። ያጠራቀሙትን ለኢንሹራንስ ይሰጣሉ፤ እሱ በሕይወት እስካሉ ድረስ በየወሩ ይከፍላል። 95 ቢደርሱም አይቆምም። ቀድሞ ያለፈው ሰው ድርሻ ረጅም ለኖረው ይደርሳል። አሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እድራችን እንዲሁ ነው። እድር የሚደርሰው ለሞት ነው፤ ይሄ ግን ለመኖር።

ሁለት ኢንሹራንስ ጋ ሄጄ ጠየቅሁ። አንደኛው ጋ ያለችው ልጅ የሕይወት መድን ፎርም ሰጠችኝ፤ ስሞት የሚከፈል። "ልጄ፣ እኔ የምፈልገው በሕይወት እያለሁ የሚከፈለውን ነው" አልኳት። አለቃዋን ልትጠይቅ ገባችና "አባባ፣ እንደሱ ዓይነት የለንም" ብላ ተመለሰች። ሁለተኛው ጋ ጥያቄዬን የተረዳኝም አልነበረም።

ክቡር ገዥ፣ ኢንሹራንሶችን የሚቆጣጠረው የእርስዎ ባንክ ነው። ይህን የሚሸጡበት መመሪያ ይውጣልን። ለ100 ሺህ ብር በወር ስንት እንደሚከፈል ከመፈረማችን በፊት ጥርት ባለ አማርኛ ይጻፍልን። እኔ ቀድሜ ካለፍኩ ለባለቤቴ የሚቀጥል ምርጫ ይኑረው። ከሁሉም በላይ ክፍያው ከኑሮ ውድነቱ ጋር ይጨምር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ሲለቀቅ፣ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር አልፏል። ያኔ ቁርጥ ያለ የወር ክፍያ የነበረው ሰው ምን እንደደረሰበት እርስዎ ያውቃሉ።

ኢንሹራንሱም ለ25 ዓመት ቃል ሲገባ ብሩን የሚያስቀምጥበት ይፈልጋል። መንግሥት ለአጭር ጊዜ የሚበደርበት የግምጃ ቤት ሰነድ ረጅሙ 364 ቀን ነው፤ ለዚህ አይበቃም። ከገንዘብ ሚኒስቴር ጋር ተነጋግራችሁ የረጅም ጊዜ ቦንድ ብታዘጋጁላቸው መንገዱ ይከፈታል።

ግዴታ ይሁን አላልኩም። ሱቅ መክፈት የሚፈልግ ይክፈት። የሥራ ባልደረባዬ ከፍቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ብሩ አለቀ፤ ዛሬ ልጆቹ ናቸው የሚጦሩት። እኔ ልጆቼ ላይ መውደቅ አልፈልግም።

በጉዳዩ ላይ ጡረተኛ ማነጋገር ከፈለጉ፣ ከቤቴ እስከ ባንክዎ በእግሬ እመጣለሁ። ያሰላንበትን ደብተርም ይዤ እመጣለሁ።

አክባሪዎ፣
አንድ የለገሃር ጡረተኛ