ገዳዩ በቅላጼው ታወቀ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ቅዳሜ ማታ እዚህ ኮምቦልቻ ቤታችን ቡና ተፈልቶ፣ ከጎረቤት ጋር አንድ የወንጀል ድራማ እናያለን። ተጠርጣሪው ገና አፉን ሲከፍት የ9 ዓመቱ ልጄ «ገዳዩ እሱ ነው!» አለ። «በምን አወቅህ?» ስለው «በአነጋገሩ» አለኝ። ሰውዬው አማርኛውን በኦሮምኛ ቅላጼ ነበር የሚያወራው። አጠገቤ የተቀመጡት ጎረቤታችን አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው። ሲኒያቸውን ቀስ ብለው ረከቦቱ ላይ መለሱ። ቶናውን ሳይጠጡ ተነሱ። ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

ደራሲዎቻችን የብሔር ቁርሾን አይንኩ አላልኩም። ይንኩት እንጂ! ግን ቅላጼ እንዴት ማስረጃ ይሆናል? ባቲ ሰኞ ገበያ ወርዳችሁ እዩ። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው አንዱ የሌላውን ቋንቋ እየቀላቀለ በግመል ዋጋ ይከራከራል። ጠብም አይጠፋም። ግን ጠቡ ምክንያት አለው፤ ግጦሽ፣ ውሃ፣ ዕዳ። ድራማው ይህን ያሳየን።

ተመልካች ከተናገረ ይሰማል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1959 የጀመረው «ዘ አንታቸብልስ» የተባለ ድራማ ለወንበዴዎቹ የጣልያን ስም ሲያበዛ፣ ጣልያን አሜሪካውያን አምርረው ተቃወሙ። በ1961 አዘጋጆቹ ለፈጠራ ወንጀለኞች የጣልያን ስም ላለመስጠት ተስማሙ።

እሁድ ጠዋት ልጄን ይዤ ጎረቤታችን ቤት ሄድኩ። ይቅርታ ጠየቅን። «ልጁ ምን አጠፋ? ያሳዩትን ነው ያየው» አሉኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከኮምቦልቻ