የሩጫ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የማይሮጥባቸው ሁለት ቀናት

በጅማ ያለው የተማሪዎች የሩጫ ክበባችን ዘንድሮ በሳምንት አምስት ቀን ሠርቷል። ማክሰኞና ሐሙስ ግን ሩጫ የለም፤ ማክሰኞ ብስክሌት፣ ሐሙስ የጥንካሬ ልምምድና ገመድ ዝላይ ነው። አሠልጣኞች ክሮስ ትሬኒንግ የሚሉት ይህንኑ ነው።

የተማሪ ትንፋሽ በጥቂት ሳምንታት ይከፈታል፤ ጅማትና አጥንት ግን ለመጠንከር ወራት ይወስዳሉ። ትንፋሹ የተከፈተለት ልጅ ኪሎ ሜትር ይጨምራል፣ ቅልጥሙም ያኔ መታመም ይጀምራል። በሩጫ እግር መሬት በነካ ቁጥር ከሰውነት ክብደት ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሸከማል። ብስክሌት ልብን እያሠራ ይህን ጫና ያስቀራል።

የማክሰኞው 45 ደቂቃ ነው፦ 10 ደቂቃ ማሟሟቂያ፣ ቀጥሎ 3 ደቂቃ ጠንከር 2 ደቂቃ ቀለል እያሉ አምስት ጊዜ፣ በመጨረሻ 10 ደቂቃ ማቀዝቀዣ። ጠንከር ባለው ላይ ከሁለት ሦስት ቃል በላይ ማውራት የቻለ ተማሪ ገና አልሠራም። የኪራይ ብስክሌት ሲመጣ መጀመሪያ ኮርቻው ይታይ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት በትንሹ መታጠፍ አለበት። ኮርቻው ዝቅ ካለ ጉልበትን ከፊት ያማል፤ ከፍ ካለ ዳሌ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል።

ሐሙስ በደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ በሁለት እግር ተረከዝን ማንሳት፣ በአንድ እግር ሦስት እየቆጠሩ ቀስ ብሎ መውረድ፤ 12 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ዋናው ጥቅም ያለው አወራረዱ ላይ ነው፣ ልጆቹ ግን የሚቸኩሉት እዚያው ላይ ነው። ከዚያ በአንድ እግር ቁጢጥ ማለት፣ 8 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ጉልበት ወደ ውስጥ ካዘነበለ የዳሌ ጡንቻ ደክሟልና ወደ ታች ብዙ አይወረድ። ገመድ ዝላዩ ሣር ላይ እንጂ ሲሚንቶ ላይ አይሆንም።

እስከ ኅዳር የጥንካሬው ቀን ማክሰኞ ነበር። የረቡዕ የፍጥነት ሩጫ በከበደ እግር እየተሠራ ስለተበላሸ ቀኖቹን አቀያየርናቸው። ከዚህ የባሰው ስህተት ግን ማክሰኞ ብስክሌት ነድቶ ማታ መሮጥ ነው። ቀኑ በሩጫ ቦታ የተተካ እንጂ በላዩ የተጨመረ አይደለም።

ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደው ዳገት ለጥንካሬ ግሩም ነው፤ ጭኑን የሚጎዳው ቁልቁለቱ ነው፣ ስለዚህ ሲመለሱ በእርምጃ። የጅማ ዝናብ ሲጠና ደግሞ ቀዩ ጭቃ ጫማ ላይ እየተጣበቀ ያንሸራትታል፣ ብሽሽትም ይጎተታል፤ የዚያን ቀን ሩጫ በበረንዳ ደረጃ ሥራ ይተካል።

ብስክሌት ሩጫን ሙሉ በሙሉ አይተካም፤ እግር መሬትን መልመድ የሚችለው በመሮጥ ብቻ ነው። ቅልጥም ላይ በጣት ሲጫኑት አንድ ነጥብ ላይ ብቻ የሚያም ሕመም ካለ ግን ዝላዩም ሩጫውም ወዲያው ይቁም፤ አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል ተማሪው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

በመስከረም አዲስ ገቢዎች ሲመጡ የእያንዳንዱ ተማሪ የኮርቻ ከፍታ ተለክቶ በክበቡ መዝገብ ይጻፋል።