የቅሬታ ደብዳቤ፦ ከመርከቡ በፊትና በኋላ ስለተያዘው የሮምና የአቴንስ ቆይታ

ደብረ ብርሃን፣ ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመርከብ ሽርሽር ጥቅሉ ሻጭ የጉዞ ወኪል ድርጅት
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ እንደተጻፈው ሊፈጸም የማይችል የጉዞ ፕሮግራም እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

ከደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ሲናና ከመሐል ሜዳ ለተሰባሰቡት ተጓዦች ያዘጋጃችሁት የነሐሴ 2017 ዓ.ም. ፕሮግራም ከነዋጋ ዝርዝሩ ደርሶናል። ሁለት ሌሊት ሮም፣ አምስት ሌሊት መርከብ ላይ፣ ሦስት ሌሊት አቴንስ ይላል። ቅድመ ክፍያውም ተከፍሏል። የሆቴሉ ኮከብ ወይም የቁርሱ ዓይነት አያስቀይመንም። ቅር ያሰኘን የቀንና የሰዓቱ አሠራር ነው፤ ከአውሮፕላኑ ማረፊያ ተነስቶ ወደፊት ተቆጥሯል። የመርከብ ጉዞ ግን ከኋላ ወደፊት ነው የሚታቀደው። መጀመሪያ የመርከቡ መግቢያ የሚዘጋበት ሰዓት ይያዛል፣ ከዚያ ወደቡ፣ ባቡሩ፣ ሆቴሉ እየተባለ ወደ ኋላ ይመጣል። አውሮፕላን ያመለጠው ሰው ሌላ በረራ ሊፈለግለት ይችላል። መርከብ ያመለጠው ግን እስከ ቀጣዩ ወደብ በራሱ ወጪ መከተል አለበት፣ ያውም ቪዛው ከፈቀደለት።

ከሁሉ የሚከብደው የቪዛው ጉዳይ ስለሆነ እሱን እናስቀድም። መርከቡ ከጣሊያኑ የቺቪታቬኪያ ወደብ ተነስቶ ኔፕልስን ከረገጠ በኋላ ቱርክ፣ ኩሻዳሲ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ የግሪኳ ደሴት ሳንቶሪኒ፣ መጨረሻው የአቴንስ ወደብ ፒሬየስ። ቱርክ ከሸንገን፣ ማለትም በአንድ የጋራ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ውጭ ናት። ስለዚህ የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ የያዘ መንገደኛ ከጣሊያን ወጥቶ ቱርክ ሲደርስ ቪዛውን ጨርሷል፤ ሳንቶሪኒ ላይ ሁለተኛ መግቢያ ይጠየቃል። ወረቀታችሁ «የሸንገን ቪዛ፣ አንድ መግቢያ በቂ ነው» የሚለው በምን ሒሳብ እንደሆነ አልገባንም። በስልክ ስንጠይቅ ደግሞ «እንግዲያው ብዙ መግቢያ ያለውን ጠይቁ» ተባልን። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያን ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ብዙ መግቢያ ያለው ቪዛ በመደበኛነት እንዳይሰጥ ማገዱን የጉዞ ወኪል ሊያውቀው ይገባል። ያው ውሳኔ የማመልከቻውን መደበኛ የምላሽ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። እናንተ ግን አሁንም «በ15 ቀን ያልቃል» ብላችሁ ጽፋችኋል።

በረራው ነሐሴ 3 ንጋት ሮም ይደርሳል። 45 ቀን ወደ ኋላ ስንቆጥር ሰኔ 18 ላይ እናርፋለን፤ ያውም ተጨማሪ ሰነድ ካልተጠየቀ። በወረቀታችሁ «ሰነድ ማስገቢያ፦ ሐምሌ መጀመሪያ» ይላል። አሻራ የሚሰጠው አዲስ አበባ በአካል ቀርቦ ስለሆነ ከመሐል ሜዳ የሚመጣ ሰው ለአንድ የጎደለ ወረቀት ተመልሶ የሚመላለስበት ጊዜ ከወዲሁ መታሰብ አለበት። ክፍያውም 80 ዩሮ አይደለም፤ ከሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ሆኗል። የጉዞ መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት፤ ፓስፖርቱም ከሸንገን ከሚወጣበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚቆይ። እነዚህ ሁለቱ በዝርዝራችሁ ውስጥ ጨርሶ የሉም።

ማመልከቻው ለየትኛው አገር ይገባል የሚለውም ተሳስቷል። «መጀመሪያ የሚረገጠው ጣሊያን ስለሆነ ወደ ጣሊያን» ብላችኋል። የመጀመሪያ መግቢያ የሚታየው ቆይታው እኩል ሲሆን ነው። በዚህ ፕሮግራም ሳንቶሪኒና አቴንስ ተደምረው ከጣሊያኑ ቆይታ ይበልጣሉ፤ ስለዚህ ማመልከቻው የግሪክ ነው። ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ፕሮግራሙ የሸንገን ቪዛ ለማያስፈልገው መንገደኛ ተጽፎ ወደ አማርኛ የተገለበጠ መሆኑን ነው። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፤ ወደቦቹ በሙሉ ሸንገን ውስጥ የሆኑ መርከብ መምረጥ ነው። ጣሊያን፣ ማልታና ግሪክን ብቻ የሚረግጥ መስመር ይበቃል። ክሮኤሽያም ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሸንገን ውስጥ ስለሆነች ዱብሮቭኒክ ቢገባ ችግር የለውም፤ የሞንቴኔግሮው ኮቶር ግን እንደ ቱርኩ ነው።

ወደ ሮም እንለፍ። በረራው ንጋት ላይ ይደርሳል፤ የሆቴሉ ክፍል ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት እንደማይከፈት የራሳችሁ ቫውቸር ይናገራል። በመካከል ያለው ጊዜ በፕሮግራሙ «ነጻ ጊዜ» ተብሏል። ሌሊቱን ሲበሩ ላደሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ይህ ነጻ ጊዜ መንገድ ላይ መቀመጥ ነው። ወይ ያለፈው ሌሊት ይከፈልና ክፍሉ ክፍት ሆኖ ይጠብቃቸው፣ ወይ ሻንጣው ሆቴሉ ተቀምጦ ጠዋቱ ሥራ ይሠራበት። የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይከፈታል፣ የመግቢያ ክፍያ የለውም፤ በዚህ በኢዮቤልዩ ዓመት የምዕመናኑ ሰልፍ እየረዘመ የሚሄደው ከረፋዱ በኋላ ነው። ትከሻና ጉልበት ያልተሸፈነ ሰው አይገባም፤ ነጠላ የለበሱ እናቶቻችን በዚህ በኩል ችግር የለባቸውም።

የቫቲካን ሙዚየሞችን እሑድ ነሐሴ 4 ላይ አድርጋችኋል። ሙዚየሞቹ እሑድ ዝግ ናቸው፤ የሚከፈቱት በወሩ የመጨረሻ እሑድ ብቻ ሲሆን ነሐሴ 4 የወሩ የመጨረሻ እሑድ አይደለም። ቅዳሜ ይሁኑ ወይም ይቅሩ፤ ከበረራ ወርዶ ያን ሁሉ አዳራሽ በእግር መጨረስ ለወጣትም ስለሚከብድ እኛ «ይቅሩ» እንላለን።

ሰኞ ነሐሴ 5 የመርከቡ ቀን ነው። የእናንተ ወረቀት እንዲህ ይላል፦ ኮሎሲየም 4፡30፣ ምሳ 6፡30፣ ባቡር ከቴርሚኒ (ከሮም ዋና ባቡር ጣቢያ) 8 ሰዓት። የመርከቡ ትኬት ደግሞ መነሻው 11 ሰዓት፣ መግቢያው የሚዘጋው ከዚያ 90 ደቂቃ በፊት ነው ይላል፤ ማለትም 9፡30። «የሮም ወደብ» የሚባለው ሮም ውስጥ አይደለም፤ ቺቪታቬኪያ በመንገድ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የክልል ባቡሩ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጃል። ከጣቢያው እስከ ላርጎ ዴላ ፓቼ በእግር ሩብ ሰዓት ገደማ ነው፣ ሻንጣ ለሚጎትት ደግሞ ከዚያ በላይ፤ ከላርጎ ዴላ ፓቼ የወደቡ አውቶቡስ እስከ መርከቡ ያደርሳል። ሲደመር ሁሉ ነገር ቢቀና እንኳ መርከቡ ሥር የሚደረሰው 9፡50 ላይ ነው፤ በሩ ከተዘጋ 20 ደቂቃ አልፎታል። በዚያ ላይ ኮሎሲየም ትልቅ ሻንጣ አያስገባም፤ ከሆቴል የወጣው ሻንጣ የት እንደሚቀመጥ አልተጻፈም።

የኮሎሲየም ትኬት በስም ነው፤ በር ላይ ከፓስፖርቱ ጋር ይመሳከራል። ሽያጩ የሚከፈተው ከጉብኝቱ ቀን 30 ቀን ቀደም ብሎ ነው። «እዚያው ስንደርስ እንቆርጣለን» የሚለው የአስጎብኚያችሁ ቃል በነሐሴ ሮም አይሠራም። ስለዚህ ኮሎሲየሙ ወደ እሑድ ጠዋት ይዛወር፣ ሰኞ 3፡30 ላይ ከሆቴል ይወጣ፣ የ4፡30 ገደማ ባቡር ይያዝ፤ 6፡30 ላይ ወደቡ ይደረሳል፣ ምሳው መርከቡ ላይ ነው። የባቡሩ ትኬት የወረቀት ከሆነ ከመሳፈር በፊት በጣቢያው ማሽን መመታት አለበት፤ ያልተመታ ትኬት ቅጣት ያስከፍላል። ይህችን ለአስጎብኚው ጻፉለት።

እሑዱን በተመለከተ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። አበበ ቢቂላ የዚሁ የሸዋችን ልጅ ነው፣ የጃቶ። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማታ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ የጨረሰው ከኮሎሲየሙ አጠገብ፣ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ነው። ከቅስቱ በሳን ግሪጎሪዮ ጎዳና ወደ ደቡብ ጥቂት ቢሄዱ ፖርታ ካፔና አደባባይ ይደርሳሉ። በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ የተመለሰው የአክሱም ሐውልት ያኔ እዚያ ቆሞ ነበር፤ አበበም በአጠገቡ አልፏል። ሁለቱም ትኬት የላቸውም፣ ከኮሎሲየም እግረ መንገድ ናቸው። ባቡሩ የሚነሳበት ቴርሚኒ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ደግሞ ስሙን ያገኘው ራስ አሉላ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ከደመሰሱት ጦር ነው። ለሰሜን ሸዋ ሰው የተዘጋጀ ፕሮግራም እነዚህን ትቶ «የቆዳ ዕቃ ገበያ፣ ሁለት ሰዓት» ማለቱ ወኪሉ ደንበኛው ማን እንደሆነ እንዳልጠየቀ ያሳያል።

ሰዓቱን በሚመለከት ወረቀቱ የተዘበራረቀ ነው። የኮሎሲየሙ 4፡30 በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የመርከቡ መነሻ ግን በገጽ ሁለት «5 ሰዓት» ተብሏል፣ የፈረንጁን 17፡00 ለማለት። 5 ሰዓት ሲባል ረፋዱን የሚረዳ አንባቢ አለ፤ ማታ የሚረዳም አለ። እያንዳንዱ ሰዓት ትኬቱ ላይ እንዳለው በ24 ሰዓት ይጻፍ፣ አጠገቡ የእኛው ይቀመጥ፦ 17፡00፣ የቀኑ 11። በነሐሴ ሮም ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ አቴንስ ከእኛ እኩል ናት። መርከቡ ላይ የሚሠራው በመርከቡ የሚታወጀው ሰዓት ብቻ ነው።

ጉዞው በሙሉ ፍልሰታ ውስጥ ነው። የጾም ምግብ መርከቡ ላይ ሲደርሱ የሚጠየቅ አይደለም፤ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነጻ መሆኑ ተገልጾ ከሳምንታት በፊት ለመርከቡ ኩባንያ በጽሑፍ ይገባል፣ ማረጋገጫውም ይያዛል። «ዓሣ አለ» የሚለው መልሳችሁ መልስ አይደለም።

የአቴንሱ ክፍል ከሮሙ ይሻላል፣ ሁለት ነገር ግን ይታረም። አክሮፖሊስን ከመርከብ በወረዱበት ቀን 7 ሰዓት ላይ አድርጋችኋል። በነሐሴ እኩለ ቀን እዚያ ድንጋይ ላይ መውጣት ለደብረ ብርሃን ሰው ቅጣት ነው፤ በብርቱ ሙቀት ቀን ደግሞ ቦታው ራሱ ከቀትር ጀምሮ ለሰዓታት የተዘጋበት ጊዜ አለ። ትኬቱ ሰዓት የተቆረጠለት ነው፤ የጠዋቱ 2 ሰዓት ይያዝ፣ በማግስቱ። ዋጋውም ከመጋቢት 23 ቀን 2017 ዓ.ም. አንስቶ 30 ዩሮ ሆኗል፣ 20 አይደለም። ሁለተኛው የመመለሻው መኪና ነው፤ ለአውሮፕላን ማረፊያ ያስከፈላችሁት የቫን ዋጋ ከሜትሮው ጋር አይነጻጸርም። ሦስተኛው የሜትሮ መስመር ከፒሬየስ በመሐል ከተማ አድርጎ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ይሄዳል፣ ለሰው 9 ዩሮ ነው። ቫኑን የሚፈልግ ደካማ ሰው አለ፤ ሌላው ግን ምርጫው ይሰጠው። ከመርከብ የሚወረድበት ዋዜማ ሻንጣ መለያ ታስሮበት ከካቢኑ በር ውጭ እንደሚቀመጥ፣ ፓስፖርት፣ መድኃኒትና የማግስቱ ልብስ ግን በእጅ እንደሚያዝ አልጻፋችሁም። ፓስፖርቱን ሻንጣው ውስጥ የከተተ ሰው ወረፋውን ሁሉ ያቆመዋል።

የአገር ውስጡ መንገድም ቀላል አይደለም። ከደብረ ብርሃን ቦሌ 130 ኪሎ ሜትር ነው። «ማታ 12 ሰዓት መነሻ» የሚለው በክረምት ዝናብ፣ በጣርማበር ጉም፣ ሌሊት መንቀሳቀስ በማይመከርበት በዚህ ጊዜ ተቀባይነት የለውም። የመሐል ሜዳና የደብረ ሲና ተጓዦች ዋዜማውን ደብረ ብርሃን ይደሩ፣ ሁሉም በማግስቱ ጠዋት ተነስቶ ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ይረፍ።

ስለሆነም፦ መርከቡ ሸንገን ውስጥ ብቻ በሚቆም መስመር እንዲቀየር፤ ይህ ካልተቻለ ቅድመ ክፍያው ሳይቀነስ እንዲመለስ፤ የሮሙ እሑድና ሰኞ ከላይ በተጻፈው መሠረት እንዲታረም፤ የኮሎሲየሙ ትኬት ሽያጩ በተከፈተ ዕለት በየስሙ እንዲቆረጥ፤ በሮም ሆቴል በየሌሊቱ ለሰው የሚከፈለው የከተማ ግብርና የመርከቡ የዕለት አገልግሎት ክፍያ በዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ በግልጽ እንዲገባ እንጠይቃለን። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ታውቃላችሁ።

የቪዛው ሰነድ እስከ ሰኔ 18 መግባት ስላለበት የጽሑፍ ምላሻችሁ እስከ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ይድረሰን። እስከዚያ ድረስ ቀሪው ክፍያ አይፈጸምም።

ከሰላምታ ጋር
የተጓዦቹ አስተባባሪዎች
(ፊርማ)

ግልባጭ፦ ለተጓዦች በሙሉ