ሁለቱ አንበሶች

ይድረስ ለውዷ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። «እማዬ፣ አርክቴክቸር ልማር ገብቼ ጠርሙስ ስስል መዋል ምን ይጠቅመኛል?» ላልሽው በስልክ ያልመለስኩልሽ በሁለት ቃል የሚያልቅ ስላልሆነ ነው።

መምህራን ኮሌጅ ሳለሁ እኔም ሥነ ጥበብ የወሰድኩት ግዴታ ስለነበር ነው። መምህራችን መጀመሪያ «አንበሳ ሳሉ» አሉን። ክፍሉ በሙሉ አንድ አንበሳ ሳለ፤ ያንን ሳንቲም ላይ አፉን ከፍቶ የሚያገሣውን። ወረቀቱን ሰበሰቡና በሚቀጥለው ጊዜ ለገሃር እንድንገናኝ ነገሩን።

የለገሃሩን የይሁዳ አንበሳ ታውቂዋለሽ። የፈረንሳዊው የዦርዥ ጋርዴ ሥራ ነው፤ በ1923 ዓ.ም. በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሰሞን ቆመ፣ ጣሊያን ሮም ወሰደው፣ ኋላ ተመለሰ። ጡንቻው ሕያው ይመስላል። መምህሩ ግን «አንበሳውን ተዉት፤ በእግሮቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ሳሉ» አሉን። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። «እግር» ሲባል እጅሽ የለመደውን እግር ይሞነጭራል፤ ባዶው ግን የተለመደ መልክ ስለሌለው አተኩሮ ከማየት በቀር ማምለጫ የለሽም። ባዶዎቹን በልካቸው ስናስቀምጥ እግሮቹ ሳንነካቸው ወጡ። እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ከዚያ በእግር ወደ ብሔራዊ ቲያትር ወጣን። እዚያ ያለውን የድንጋይ አንበሳ ሞሪስ ካልካ የሚባል ሌላ ፈረንሳዊ ለ25ኛው የንግሥ በዓል፣ በ1948 ዓ.ም. ነው የሠራው። «ይሄ ደግሞ አንበሳ ነው?» ብለው የሳቁ ነበሩ። መምህሩ አልተቆጡም። «በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳኑ በሁለት ዓይን ሲያዩን ክፉው በጎን ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየው ሠዓሊው ስላቃተው ነው?» ብለው ጠየቁ። ዝም አልን። የካልካም አንበሳ እንደዚያው ነው፤ ሆን ተብሎ የተተወ ብዙ ነገር አለበት። ጎፈሩ ድንጋይ ላይ የተቆረጠ መስመር ነው፤ ፀሐይ ስትዞር ጥላው አብሮ ይዞራል፣ ጎፈሩም ይለወጣል። እኔ ከሁለቱ እሱን አስበልጣለሁ። አባትሽ በዚህ አይስማማም፤ ተይው።

እኔ ሠዓሊ አልወጣኝም። አንደኛ ክፍል ሳስተምር ግን የ«ሐ» ሦስት እግር ለሚዘበራረቅበት ልጅ እግሮቹን ትቶ በመካከላቸው ያሉትን ሁለት ክፍተቶች እንዲያይ እነግረዋለሁ፤ ብዙዎቹ ይስተካከልላቸዋል። አንቺ ደግሞ ነገ የምትሠሪው ክፍል ግድግዳው ነው ወይስ ግድግዳው የሚከበው ባዶ? ሰው የሚኖረው እኮ ባዶው ውስጥ ነው።

ስለዚህ ጠርሙሱን አታቋርጪ። ቅዳሜ ጠዋት ቲያትር ቤቱ ጋ ሂጂና ያንን አንበሳ ሳይው፤ ከሰዓት ተመልሰሽ እንደገና ሳይው። ለስላሳ እርሳስ ያዢ፣ 4ቢ ይሻላል። ዘበኛ ከጠየቀሽ ተማሪ መሆንሽን ንገሪው። ለወረቀቱ በቴሌብር ትንሽ ልኬልሻለሁ፤ ምሳ እንዳትበዪበት።

እናትሽ